ዝናብ ሆነሽ ቁሚ

ኦቦ ቶሌራ የበደለኝ በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ነቀምቴ ገበያ በርበሬ ተራ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ ወዲህ አምስት በጋ አልፏል። ቂም የለኝም የሚል ሰው በጋ አይቆጥርም፤ እኔ ቆጥሬያለሁ።

ዘንድሮ በኅዳር ሞተ። የነገረችኝ ዲንቂቱ ናት፤ ከእኔ መደብ ቀጥሎ ያለው የእሷ ነው። ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥስ ነበር።

«እቴቴ፣ ሰምተሻል? ኦቦ ቶሌራ አረፉ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ንጋት ላይ። ታመው ከርመው ነበር አሉ።»

የያዝኩትን ዛላ ቀነጠስኩና ወደ ክምሩ ጣልኩት። ሌላ አነሳሁ። ዲንቂቱ ፊቴን ስታይ ቆይታ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። እኔ እሱ በሕይወት ሳለም ፊት ለፊት ወቅሼዋለሁ፤ ዛሬ የምጽፈው አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያች ቅዳሜ በፊት አንቱ እለው ነበር። ከዚያ ወዲያ አንተ አልኩት፤ እሱም አንድ ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ነገር ግን በደሉን ብቻ ብጽፍ ሰውየው አይታይም። እሱን ያላየ ሰው ደግሞ በደሉም አይገባውም።

የግብርና ባለሙያ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ቦቲ ጫማ የማያወልቅ። «ኦቦ ቶሌራ፣ ፀሐዩ እንዲህ እየከረረ ቦቲ ምን ይሠራል?» ስንለው «እግሬ ትንበያ አያምንም» ይለን ነበር። አንድ ነገር ሲጠየቅ፣ ከመመለሱ በፊት የግራ መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል። ጣሪያ ሥር ሆኖም፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጦም ቢሆን ይዘረጋል፤ ጠብታ የሚጠብቅ ይመስላል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያደረበትን ሕልም እንደሚያስታውስ ሰው ቀስ እያለ ይናገራል። ድምፁ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በጧት ጭጋግ ውስጥ አልፎ የመጣ ይመስል ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ የያዝኩት ሥራ ከእጄ ይጠፋል። ይህንን አልክድም።

አማርኛው ጥሩ ነበር፤ ስለ ሰማይ ሲያወራ ግን ሳያውቀው ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል።

«ሰማይ አማርኛ አይገባውም፣ አዴ የሺ» ይለኛል።

«ምነው፣ ጎጃም ሰማይ የለውም?» እለዋለሁ። አባቴ ከጎጃም የመጣ ሰው ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ቡርቃ ጃቶ ነው።

«አለው። እዚያ ግን በግዕዝ ነው የሚያናግሩት።»

ተራው በሙሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የሚያናድደው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ነገ ይዘንባል ወይ?» የሚል። «የነገውን ማርያምሽን ጠይቂ፤ እኔ የወራት ሰው ነኝ» ይላል። እሱ ጴንጤ ነው፤ ማርያምሽን የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ነው። ሥራው የወቅት ትንበያ ለገበሬና ለነጋዴ ማድረስ ነበር። በጋው ሊገባ ሲል አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጊዜ፣ መጪዎቹ ወራት ምን እንደሚመስሉ ከላይ ይላክለታል። ሬዲዮውም ያንኑ ይናገራል። «በምዕራቡ የሀገሪቱ ክፍል ከመደበኛ በታች ዝናብ የመኖር ዕድሉ ያመዝናል» ይላል። እኛ ከዚህ ሁሉ የምንሰማው አንድ ነገር ነው፤ ዘንድሮ በጋው ደረቅ ነው። «ያመዝናል» የምትለዋ ቃል ከሬዲዮው እስከ ገበያው ድረስ አትደርስም፤ መንገድ ላይ ትቀራለች።

ኦቦ ቶሌራ ያቺን ቃል ለማድረስ ሲል ነው ሰው ማቆም የጀመረው። ቅዳሜ ወደ በርበሬ ተራ ይመጣና ከእኛ መሃል ዐሥር ሴቶች ይመርጣል። አምስቱ ፀጉራቸውን ገልጠው ይቆማሉ፤ እነሱ ደረቅ በጋ ናቸው። ሦስቱ ነጠላቸውን ይከናነባሉ፤ እነሱ የለመድነው በጋ ናቸው። ሁለቱ ዣንጥላ ይዘረጋሉ፤ እነሱ ዝናባሙ በጋ። ቁጥሩ እንደየዓመቱ ይለዋወጣል። ከዚያ ከገዢዎቹ አንዱን ይጠራና ዓይኑን በመሐረብ አስሮ «ሂድ፣ አንዷን ንካ» ይለዋል። ሰውየው እየተደናበረ፣ እጁን ዘርግቶ ይሄድና አንዷን ይነካል።

«በል፣ የዘንድሮው በጋ ይህች ናት። ድገም!»

ይደግማል። ብዙውን ጊዜ ፀጉራቸውን የገለጡትን ይነካል። አንዳንዴ ነጠላ የለበሰችውን፣ አልፎ አልፎም ባለ ዣንጥላዋን። ሦስት አራት ጊዜ ሳያስደግመው አይለቀውም።

«አያችሁ?» ይላል ኦቦ ቶሌራ ዓይኑን ጨፍኖ። «እኛ ደጋግመን እንነካለን። ዋቃዮ የሚነካው አንድ ጊዜ ነው። ማንን እንደሚነካ እኔም አላውቅ፣ አዲስ አበባ ያሉትም አያውቁ። የምናውቀው ስንት ሴት በየትኛው በኩል እንደቆመች ነው።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ትንበያ ጎረቤት ነው። ምክሩን ስሙት፤ የቤታችሁን ቁልፍ ግን አትስጡት።» አንዲት ሴት ባለፈው ዓመት ደረቅ ብለኸን በርበሬዬ ረጠበ ብላ ስትጮህበት፣ መዳፉን ዘርግቶ ቆየና «ምዕራብ ሲሉ ከአሶሳ እስከ ጅማ ነው፤ ያንቺ ሰሌን ሁለት ክንድ ናት። ለሰሌንሽ የተላከ ትንበያ የለም» አላት። ሴትየዋ ተሳደበች። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ ስገባ ስለ ሰማይ ስፋት እያሰብኩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ተሳድበሽው ትሄጃለሽ፤ ቃሉ ግን ተከትሎሽ ይመጣል።

አሁን ወደ በደሉ።

የዚያን ዓመት ከቢላ ገጠር ጥሩ በርበሬ መጥቶ ነበር፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ እርጥበቱ ገና ያልወጣ። እኛ የተራው ሴቶች እንዲያ እርጥቡን ገዝተን፣ በሰሌን አስጥተን፣ አድርቀን ነው የምንሸጠው። በመድረቅ ላይ ያለ በርበሬ ውሃ ከነካው ይገረጣል፣ ከዚያ ይሻግታል። የሻገተ በርበሬን ገዢ በሽታው ያውቀዋል፣ ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ የበጋው ነገር ለእኛ ወሬ አይደለም፣ ጉሮሯችን ነው።

ትልቅ ጥቁር ዣንጥላ ነበረኝ፤ ለፀሐይ ነው የምይዘው። ኦቦ ቶሌራ ሴቶቹን ሲመርጥ ዓይኑ ዣንጥላዬ ላይ አረፈ።

«አዴ የሺ፣ ነይ። ዝናብ ሆነሽ ቁሚ።»

«ምነው፣ እኔን ፀሐይ ያድርጉኝ እንጂ!»

«ፀሐይ ለመሆን ፀጉር ያስፈልጋል።»

ሳቁ። ፀጉሬ እንደሳሳ ማን የማያውቅ አለ። እኔም ከሰው ላለመለየት ሳቅሁና ሄጄ ቆምኩ። ሌላዋ ዝናብ ዲንቂቱ ነበረች። እሷ ጥቂት ቆማ ደንበኛ መጣባት፤ ዣንጥላዋን አጥፋ እየሳቀች ወደ መደቧ ሮጠች። ብቻዬን ቀረሁ።

ያቺን አፍታ እስከ ዛሬ በሕልሜ አያታለሁ። ከዣንጥላው ሥር ጥላ ነው። ከጥላው ውጪ ቀያይ ሰሌኖች እስከ መንገዱ ድረስ ተዘርግተዋል፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው እንደ ፍም ይተነፍሳሉ። የገበያው ጫጫታ ራቀብኝ። የባጃጆቹ ድምፅ፣ የሚዛኑ ኳኳታ፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ ሆኜ እንደምሰማው ሆነ። የኦቦ ቶሌራ ድምፅ ብቻ ቀረ። «እዩአት» ይላል፤ «ጥቂት ናት። አትመኗት፤ ግን አትናቋት።» ራሴን ከላይ ሆኜ ያየሁ መሰለኝ። ያ ሁሉ ቀይ ከታች ተዘርግቶ፣ እኔ ከላይ፣ ከባድ ሆኜ፣ ቀዝቅዤ፣ ልወርድበት እየጠበቅሁ። እጄ በእውነት ቀዘቀዘ። ያኔ ዓይኑ የታሰረው ገዢ እየተደናበረ መጣና ትከሻዬን ነካ።

«ወዮ!» አለች ሃርሜ ጫልቱ። የተራው ትልቅ እሷ ናት፤ ሁላችንም ሃርሜ፣ እናታችን፣ እያልን ነው የምንጠራት። «ይደገም! ይደገም እንጂ!»

ኦቦ ቶሌራ ሰዓቱን አየ። «ስብሰባ ረፍዶብኛል» አለ። «ዛሬ ይበቃናል፤ ነገሩን ታውቁታላችሁ።» መሐረቡን ከሰውየው ዓይን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ቦቲውን እያስጮኸ ሄደ።

በደሉ ይኸው ነው። ሁልጊዜ ያስደግም ነበር፤ የዚያን ቀን አላስደገመም። ዣንጥላዬን እንደ ዘረጋሁ፣ ተነክቼ፣ ገበያ መሃል ትቶኝ ሄደ።

በማግስቱ ትልቅ ሸራ ገዛሁ። በጋው ደረቅ ነው እየተባለ ሸራ መግዛቴ ለራሴም ገርሞኝ ነበር። ሌሎቹ አምስቱን ሴቶች አይተው ገቡ፤ እኔ ግን ከሁለቱ አንዷ ሆኜ ቆሜያለሁ። ዝናብ ሆኖ የቆመ ሰው ዝናብን አይንቅም። ሸራውን ከሰሌኔ አጠገብ አጥፌ አስቀመጥኩት። ዲንቂቱ «እቴቴ፣ ልጅ ልታስተኚበት ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ዘነበ። ከምዕራብ በኩል፣ ከጊምቢ መንገድ አቅጣጫ፣ ደመናው ዝም ብሎ መጣ። ነፋስ የለም፣ ነጎድጓድ የለም። መሬቱ ላይ የወረደው ዝናብ ሳይሆን እንቅልፍ ነበር የሚመስለው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ቀን በቀን ላይ። ሴቶቹ በነጠላ፣ በኬሻ፣ በጨርቅ ሊሸፍኑ ተሯሯጡ። ከሰሌኖቹ ሥር የሚወርደው ውሃ ሮዝ ሆኖ ወደ ቦዩ ይሄድ ነበር። ሰማዩ ሲገለጥ የተራው በርበሬ ገርጥቷል። የእኔ ብቻ ከሸራው ሥር እንደ ነበረ ቀይ ሆኖ ወጣ።

ያን ጊዜ መጥተው አዩ። ሰሌኔን ዞረው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

በሳምንቱ ፀሐይ ከረረና ዣንጥላዬን ዘረጋሁ። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት «ዝጊው!» ብላ ጮኸች። የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «ዝጊው አልኩሽ እኮ፣ ሃዻ ሮባ! የተረፈችንን ደግሞ ልትጨርሻት ነው?» ሃዻ ሮባ ማለት የዝናብ እናት ማለት ነው። ዣንጥላውን አጠፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌኖቹ ከእኔ ሰሌን ትንሽ ትንሽ እየራቁ ሄዱ። ማንም አንስቶ ሲያርቅ አላየሁም። ጠዋት ስመጣ ግን በእኔና በዲንቂቱ መሃል ሰው የሚያሳልፍ ክፍት መሬት አገኛለሁ።

«ሸራ ስለገዛሁ ነው እኮ!» አልኳት አንድ ቀን ለሃርሜ ጫልቱ።

«ለምን ገዛሽ ታዲያ? ሬዲዮው ደረቅ ነው ሲል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና እንዴት አወቅሽ?»

አላወቅሁም፤ ፈራሁ እንጂ። የፈራ ሰው ሸራ ይገዛል፤ ይህን ያህል ነው ነገሩ። ግን ይህን ያህሉን የሚሰማ ጆሮ አጣሁ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደግሞ በጎን ጠርታ «ጠበል ግቢበት፣ ምን ይጎዳሻል?» አለችኝ።

ጥር ላይ ሃርሜ ጫልቱ ልጇን ዳረች። ከልጅቷ ጋር፣ ፀጉሯን እየሠራሁ ራሴ ያሳደግኋት ያህል እንቀራረባለን። ነጠላዬን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ጥሪ ስጠብቅ፣ በሠርጉ ጠዋት አንዲት ሴት በትልቅ ሳህን ምግብ ተሸክማ ደጄ መጣች። ሥጋው፣ ዶሮው፣ ድፎው፣ ሁሉም አለበት።

«ሃርሜ ናት የላከችው። እቤትሽ ሆነሽ ብይልን ብላለች።»

«እቤቴ?»

ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። «ድንኳኑ አሮጌ ነው፣ ያፈሳል። ለዛሬ ብቻ ነው፣ አዴ።»

ሳህኑን ተቀበልኩ። እንዳለ ለጎረቤት ሰጠሁት። ያን ቀን ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ነበር፤ ዘፈኑ እስከ ቤቴ ይሰማ ነበር።

በሳምንቱ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ኦቦ ቶሌራ ቤት ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ሚስቱ አዴ ሌንሴ ናት። እሱ ቦቲውን እንዳደረገ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ገበያ ወጥተህ ተናገር» አልኩት። «የሺ ዝናብ አይደለችም በል። አንተ ያቆምከኝ አንተ አንሳኝ።»

አንተ ማለቴን ሰማ። መዳፉን ወደ ጣሪያው ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ትንበያው አልተሳሳተም» አለ። «ከዐሥር ሁለት ብለን ነበር። ያቺ ሁለቷ መጣች፤ የተለየ ነገር አልሆነም።»

«ስለ ትንበያው መጣሁ እንዴ?»

«ሰው ሁሉ ተሳስተሃል ይለኛል። አልተሳሳትኩም።»

«በርበሬው ሻገተ፣ እኔ ከሰው ተለየሁ፤ አንተ አልተሳሳትኩም ትላለህ?»

«ቶሌራ» አለችው አዴ ሌንሴ ከጓዳው ደፍ ላይ ቆማ፣ «ሴትየዋ የምትልህን ስማ።»

ዓይኑን ገልጦ ወደ እሷ አየ። ከዚያ «የሺ ዝናብ አይደለችም ብዬ ገበያ መሃል ብቆም» አለ፤ «ሌላ ሰው ግን ሊሆን ይችላል ያልኩ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ ነው የሚሞተው።»

«በዝምታ የሚሞተውማ የእኔ ንግድ ነው።»

«ግንቦት ላይ የክረምቱን ስናገር በሌላው በኩል አቆምሻለሁ። ከደረቁ በኩል። ያዩሻል፤ ይረሱታል።»

እንደ ሞኝ አመንኩት። የሚያሳፍረኝ ነገር ቢኖር ይህ አይደለም፤ ያን ድምፅ ሰምቶ የማያምን ሰው አላየሁምና።

ግንቦት ላይ ከደረቁ በኩል ቆምኩ። ክረምቱ ጥሩ ነው ተብሎ ስለነበር ከደረቁ በኩል የቆምነው ጥቂት ነን። ያስደገመውም በደንብ ነበር። ሰኔ ላይ ግን ዝናቡ ጠፋ። የተዘራው በቆሎ ጆሮውን ጣለ። ወለጋ በሰኔ ዝናብ ሲያጣ አይተን አናውቅም እያሉ ሽማግሌዎቹ ወደ ላይ ያያሉ። ገበያው ደግሞ ወደ እኔ አየ። ሴቲቱ በቆመችበት በኩል ሰማዩ ይሄዳል ተባለ።

አንድ ገበሬ፣ ትልቅ ሰው፣ ቆቡን አውልቆ ደጄ መጣ።

«አካም ጂርታ፣ አዴ። አንድ ነገር ብለምንሽ አትቆጪኝም?»

«ምንድን ነው?»

«ዣንጥላሽን ዘርግተሽ እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻ ሄደሽ ብትመለሽልኝ።»

በሩን ዘጋሁበት። በቀዳዳው ሳየው ረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ሰማዩን አይቶ፣ ቆቡን አድርጎ ሄደ። እስከ ዛሬ ያ ሰው ያሳዝነኛል፤ በሩን በመዝጋቴ ግን አልጸጸትም።

በቀጣዩ ጥቅምት ሃርሜ ጫልቱ ራሷ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እኛ ጌታን የምናምን ሰዎች ነን» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር አናምንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ በጋውን ብቻ አትምጪብን።»

የበርበሬ ነጋዴን በጋውን ብቻ አትምጪ ማለት፣ ዓሣን ውሃውን ብቻ ተወው ማለት ነው። ሁለት በጋ ደጄ ላይ ጨውና ሳሙና ቸረቸርኩ። ከሩቅ የበርበሬ ሽታ ሲመጣ ፊቴን አዞር ነበር። ኦቦ ቶሌራ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረልኝም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰላምታ ይሁን ይቅርታ አይታወቅም።

በሦስተኛው ጥቅምት፣ ቅዳሜ፣ ጨው ገዝቼ በተራው ጠርዝ ሳልፍ ትንበያውን ሲናገር ደረስኩ። ከስቷል። አምስቱን አቁሟል፣ ሦስቱን አቁሟል። አንዷ ዣንጥላ ይዛለች። ለሁለተኛው ዣንጥላ ሴት ቢጠራ አንድም የምትመጣ ጠፋ፤ ሁሉም አፈገፈገ። ቀና ሲል አየኝ። ዓይኑ እኔ ላይ ቆየ። ከዚያ የዲንቂቱን ዣንጥላ ከመደቧ ላይ አንስቶ ዘረጋውና ራሱ ሄዶ ከሴቶቹ ጋር ቆመ። ያ ሁሉ ቁመት በትንሿ የአበባ ዣንጥላ ሥር። ሰው ሳቀ።

«የገዢውን ዓይን እሰሩ» አለ። «ይንካ። ይድገም።»

ስንት ጊዜ እንዳስደገመ አላውቅም። ፀጉር የገለጡት ተነኩ፣ ነጠላ የለበሱት ተነኩ። እሱን አልነኩትም። «ድገም» ይላል፤ ድምፁ ያው ከጭጋግ ውስጥ የሚመጣው ድምፅ ነው። ሰዉ ሰልችቶት እስኪበተን ቆሞ ነበር። ስሜን ግን አልጠራም። የሺ አንዲት ቃል ናት፤ አልጠራትም።

ታኅሣሥ ላይ ዘነበ። ኅዳር የተሰጣው በርበሬ ደርቆ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። በሳምንቱ ዲንቂቱ እየሮጠች ቤቴ መጣች።

«እቴቴ፣ ሃርሜ ትመለስ ብላለች! መደብሽ እንዳለ ነው!»

«ምን ተገኘ?»

«ከአንቺ ወጥቶ እሳቸው ላይ ገብቷል እኮ! ሰዉ ሁሉ አባ ሮባ እያላቸው ነው።»

እንዲህ ሆኜ ነው የተመለስኩት። ንጹሕ ናት ተብዬ አይደለም፤ ነገሩ ሌላ ሰው ላይ ስላረፈ ነው። ያን ሁሉ ማስደገሙም አላዳነውም። ይህን ሳስብ ቂሜ ትንሽ ይላላና መልሶ ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ቶሌራ መዳፉን ሲዘረጋ አጠገቡ የቆመ ሰው ፈቀቅ ይላል። ትንበያ ሊናገር ሲመጣ ሴቶቹ ሰሌናቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ጡረታ ወጣ። አንድ ቀን በመደቤ ሲያልፍ ቆመና አንድ ዛላ አንስቶ አሸተተ።

«አሁን እኩል ሆንን፣ አዴ የሺ?»

«አልሆንንም» አልኩት።

ፈገግ አለ። ዛላውን ቦታው መልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ዲንቂቱ መሞቱን በነገረችኝ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ተልኮ መጣብኝ። አዴ ሌንሴ ትፈልግሻለች አለኝ። ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ የእድሩ ሰዎች ብቻ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ብዙ ነው፣ ሰው የለም። እሷን ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ አገኘኋት። እጄን ያዘችኝ።

«ገበያው አልመጣም» አለችኝ። «ገበሬውም አልመጣም። አባ ሮባ ሲቀበር ሰማዩ ይከፈታል ብለዋል አሉ። በርበሬው ተሰጥቷል፣ በቆሎው ታጭዶ ሜዳ ላይ ነው፤ ሁሉም ሸራ ፍለጋ ሄዷል። ዕድሜውን ሙሉ እፊታቸው ቆሞ ኖሮ፣ የሚሸኘው ይጣ?»

«ከእኔ ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንቺ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል። ከእሱ በፊት አንቺ ነበርሻ።»

አልቅሳ ቢሆን ኖሮ እምቢ እላት ነበር። አላለቀሰችም። «ያን ቀን እንዲሰማሽ ነግሬው ነበር» አለች። ነግራዋለች። ደፉ ላይ ቆማ ስትናገር ሰምቻለሁ።

ወደ ተራው ተመለስኩ። ገበያው ሊበተን ነበር። መደቤ ላይ ወጥቼ ቆምኩ፤ ጉልበቴ ያመኛል፣ ዲንቂቱ ደግፋ አወጣችኝ። በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገርኩ።

«ስሙኝ። ያን ዓመት የእኔ በርበሬ የተረፈው ሸራ ስለገዛሁ ነው። እናንተ አልገዛችሁም። ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም። ሰውየውም የያዘው ዣንጥላ ነው፤ ደመና አልያዘም። ዝናብ ሰው አይደለም፣ ሰውም ዝናብ አይደለም። እኔም አልነበርኩም፣ እሱም አልነበረም። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው ቀብሩ። በርበሬያችሁን ሸፍኑና ሂዱ።»

«ብንሄድና ቢዘንብስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ሸፍኑ አልኩህ እኮ!»

ጥቂቶች ሳቁ። ሃርሜ ጫልቱ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ እሷ ስትለብስ ሌሎቹም ለበሱ።

«አንቺስ፣ እቴቴ?» አለችኝ ዲንቂቱ።

«እኔ አልሄድም» አልኳት።

በማግስቱ ተራው ባዶ ነበር። ሰሌኖቹ ሁሉ በሸራ ተሸፍነው፣ ሰማያዊና ቢጫ ሆነው፣ ሰው የሌለበት የድንኳን መንደር መስለው ዋሉ። ፀሐይ ነበር። ከበከኒሳ ቀሴ በኩል ዝማሬ መጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘምረው ዝማሬ ነበር። እኔ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። በርበሬዬን አስጥቼ ሳገላብጥ ዋልኩ።